ማጨስ ለማቆም የመንግሥት ድጋፍ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት፣ ማጨስ ለማቆም የሚያስቡ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ወጪውን ማን እንደሚሸፍንላቸው ሲጠይቁ የሚደጋግሟቸው ጥያቄዎች ናቸው።

መንግሥት ማጨስ ለማቆም ለሚፈልግ ሰው የመደበው የተለየ ገንዘብ አለ?

ማጨስ ለሚያቆሙ ሰዎች ብቻ ተብሎ ራሱን ችሎ የቆመ የመንግሥት ፈንድ የለም። ያለው ድጋፍ በአጠቃላይ የጤና በጀት ውስጥ የተካተተ ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ ደመወዝ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት እየዞረች የምትሰጠው ትምህርት፣ የሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ክፍል አገልግሎት በሙሉ ከሕዝብ ገንዘብ የሚሸፈኑ በመሆናቸው፣ ማጨስ ለማቆም የሚሰጠው ምክርም ወጪው የሚወጣው ከዚያው ነው።

ስለዚህ «ፕሮግራም አለ ወይ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው «የለም» የሚል መልስ ሊሰጠው ይችላል፤ «የሚመክረኝና የሚከታተለኝ ባለሙያ አለ ወይ?» ብሎ ለጠየቀ ግን መልሱ ሌላ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ ተስፋ ቆርጦ ስለሚመለስ፣ ጥያቄውን አስተካክሎ መጠየቅ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ጥቅም አለው።

መንግሥት ይህን አገልግሎት የመደገፍ ሕጋዊ ግዴታ አለበት?

አለበት። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ1996 ዓ.ም. ፈርማ በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 14 አባል አገሮች የትምባሆ ሱሰኞች ሱሳቸውን እንዲተዉ የሚረዳና ውጤታማ የሆነ እርምጃ እንዲወስዱ ያዛል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ እያንዳንዱ አገር ስምምነቱን ለመፈጸም ለሚያከናውናቸው ሥራዎች በአቅሙ ልክ የገንዘብ ድጋፍ እንዲያደርግ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9(4) አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ስለሚደነግግ፣ እነዚህ አንቀጾች ለውጭ አገር ስብሰባ የተጻፉ ምኞቶች ተደርገው ሊታዩ አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(4)ም መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል።

ሕጉ ያላስቀመጠው ነገር መጠኑን ነው። ምን ያህል ብር፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት በኩል፣ ለየትኛው ጤና ጣቢያ የሚለው በየዓመቱ በጀት ሲዘጋጅ የሚወሰን በመሆኑ፣ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ጉዳዩ ሳይነሣ ያልፋል።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የት ልሂድ? ምንስ ያደርጉልኛል?

መጀመሪያ የሚኬደው በአቅራቢያ ወዳለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። ካርድ አውጥተው ባለሙያው ፊት ሲቀርቡ «ማጨስ ማቆም እፈልጋለሁ» ብለው የመጡበትን ጉዳይ በቀጥታ ይናገሩ። በሳል ወይም በጨጓራ አሳብቦ ገብቶ ዋናውን ጉዳይ ሳያነሣ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ሴቶች ሰው ይሰማብናል ብለው ስለሚሠጉ ይደብቃሉ። ብቻቸውን ለመነጋገር መጠየቅ መብታቸው ነው፤ ባለሙያውም ምስጢራቸውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ጥሩ ምክር ረጅም ሰዓት አይፈልግም፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚወስድ ንግግር እንኳ ውጤት እንዳለው ተረጋግጧል። ባለሙያው በቀን ስንት ፍሬ እንደሚያጨሱ ይጠይቃል። ቀጥሎም ከእንቅልፍዎ ከተነሡ በስንት ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያዋን እንደሚለኩሱ ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ ተራ ቢመስልም የሱሱን ጥንካሬ ከሚለኩት ዋነኞቹ አንዱ ሲሆን፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚያጨስ ሰው የበረታ ክትትል እንደሚያስፈልገው ያሳያል። ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚውል የማቆሚያ ቀን አብራችሁ ትቆርጣላችሁ። ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልና የምግብ ፍላጎት መጨመር በመጀመሪያው ሳምንት እንደሚበረቱ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን እየቀለሉ እንደሚሄዱ ይነገርዎታል። ቀጠሮው ካቆሙበት ቀን አንሥቶ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ እንዲሆን አጥብቀው ይጠይቁ፤ ብዙው ሰው ተመልሶ የሚለኩሰው በእነዚያ ቀናት ነውና «ከወር በኋላ ተመለስ» የሚባል ቀጠሮ አይጠቅምም።

ሱሱ ከድብርት፣ ከጭንቀት ወይም ከሌላ ሱስ ጋር የተያያዘ ከሆነ ጤና ጣቢያው ሪፈር ጽፎ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ይልክዎታል። ከመሄድዎ በፊት መረጃ ለመጠየቅ የጤና ሚኒስቴር ነጻ የስልክ መስመር 952 ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለኝ፤ ወጪዬን ይሸፍንልኛል?

መድኑ የሚከፍለው ውል የገባው ጤና ተቋም ለሚሰጥዎት ምርመራ፣ ሕክምናና ተቋሙ ለሚያቀርበው መድኃኒት ነው። በመሆኑም ጤና ጣቢያ ሄደው ከባለሙያ ጋር የሚነጋገሩበት ጊዜ እንደማንኛውም ሕክምና ይታያል፤ ካርድም ምክርም ከኪስዎ አያስወጣዎትም። ሪፈር ሳይጻፍልዎ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ከሄዱ ግን መድኑ ላይከፍል ስለሚችል ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በተቋሙ መድኃኒት ቤት ከሌለና ከግል ፋርማሲ የሚገዙ ከሆነም ወጪው አብዛኛውን ጊዜ በራስዎ ላይ ይወድቃል።

የደቡብ ወሎ ሰው መድኑን ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ የሐይቅ ከተማ ያለችባት ተሁለደሬ ነበረች። ያን ያህል የቆየ መድን በመሆኑ፣ አባላት በቀበሌ ስብሰባ ላይ «ማጨስ ለማቆም የሚሰጠው ምክርና መድኃኒት በግልጽ ይጻፍልን» ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ለማቆም የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ ይባላል፤ መንግሥት ያቀርባቸዋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የሕክምና መመሪያ ለአዋቂዎች የሚመክራቸው ቫሬኒክሊን፣ ኒኮቲንን የሚተኩ ልጥፍና ማስቲካ የመሳሰሉ መድኃኒቶች፣ ቡፕሮፒዮን እና ሳይቲሲን ናቸው። ኒኮቲን ተኪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ፣ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በድርጅቱ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ከምክር ጋር ሲሰጡ የመሳካት ዕድሉ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ለሁሉም ሰው አይሆኑም፤ ለምሳሌ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቡፕሮፒዮን መውሰድ የለበትም፤ በቀን ጥቂት ፍሬ ብቻ ለሚያጨስ ሰውም ብዙ ጊዜ ምክርና ክትትል ይበቃዋል።

የመንግሥት አቅርቦት የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ሆስፒታል የሚይዛቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር የሚወስነው የራሱ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ነው፤ በዝርዝሩ ያለውን መድኃኒት በዋናነት የሚገዛው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲሆን ይህ አገልግሎት ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ኮሚቴው በዝርዝሩ ያላስገባውን መድኃኒት ማንም አያዝዝም፤ ያልታዘዘው አይመጣም፤ ያልመጣውን ደግሞ መድኑ አይሸፍነውም። ሐኪሞች «ፈላጊ ስለሌለ አላስገባነውም» ይላሉ፤ ታካሚው በበኩሉ «ስለሌለ አልጠየቅሁም» ይላል። ክቡን ሊሰብረው የሚችለው የታካሚዎች ጥያቄ በካርድ ላይ መመዝገቡ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተመዘገበ ጥያቄ ለኮሚቴው ማስረጃ ይሆናልና።

በሻንጣ ከውጭ የገባ፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ ልጥፍ ወይም ክኒን አይግዙ። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ለማቆሚያ ተብሎ ቢቀርብልዎ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ምርት መሆኑን ይወቁ።

የማጨሰው በርጫ ላይ ብቻ ነው። እኔም እርዳታ ይገባኛል?

ይገባዎታል፤ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሰውን በሚያጨሰው ፍሬ ብዛት አይመርጥም። ለባለሙያው ሲናገሩ ግን ጫቱን አይደብቁ። ሲጋራው ከጫቱና ከምርቃናው ጋር የተሣሠረ ከሆነ ለሲጋራው ብቻ የተሰጠ ምክር ከሰዓት በኋላ ጫቱ ሲዘረጋ ይፈርሳል። የማቆሚያው ዕቅድ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበርጫው መራቅን፣ ወይም ጨርሶ የማይጨስበት ቤት ብቻ መቀመጥን ማካተት ይኖርበታል። ሺሻ የሚያጨስ ሰውም በውኃ ስለተጣራ ይሻላል ብሎ ማሰብ የለበትም፤ ኒኮቲኑም ካርቦን ሞኖክሳይዱም ወደ ሳንባው ይገባል።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፤ በፈረቃ ስለምገባ ጤና ጣቢያ መሄድ አልቻልኩም። ድርጅቱ ወይም መንግሥት ምን ያግዘኛል?

ለመደበኛ ሠራተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢደነገግም ለረጅም ዓመታት ሥራ ሳይጀምር ቆይቷል፤ የማኅበረሰብ አቀፉ መድን ደግሞ በዋናነት የተዘጋጀው ለአርሶ አደሩና ደመወዝተኛ ላልሆነው የከተማ ነዋሪ ነው። ስለዚህ የፋብሪካ ሠራተኛው በሁለቱ መካከል ወድቋል። በእኔ እምነት በአካባቢያችን ከሁሉም ይልቅ የተዘነጋው እሱ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ እንቅልፍን ለማባረር ወደ ሲጋራ የሚገፋ ሥራ ሆኖ ሳለ የጤና ተቋማቱ መደበኛ የምክር አገልግሎት የሚሰጠው በቀን ነውና።

ሊሆን የሚችለው መፍትሔ ብዙ ወጪ የለውም። ፋብሪካው የራሱ ክሊኒክ ካለው ነርሱ ምክር የመስጠት ሥልጠና እንዲወስድ፣ ከሌለው ደግሞ የከተማው ጤና መሥሪያ ቤት በፈረቃ ቅያሪ ሰዓት ባለሙያ እንዲልክ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል መጠየቅ ይቻላል። አሠሪውም የሚያነሣው ምክንያት አይኖርም፤ የሥራ ቦታ ከጭስ ነጻ እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አስቀድሞ ስለሚያስገድደው፣ አጫሾቹን መርዳት ግዴታውን ቀላል ያደርግለታል። በሥራ ቦታዎ ክልከላው የማይከበር ከሆነ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ የስልክ መስመር ማሳወቅ ይችላሉ።

ከሲጋራ ብዙ ግብር ይሰበሰባል። ያ ገንዘብ ለዚህ ሥራ አይውልም?

የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ በሲጋራ ላይ የጣለው ታክስ የፋብሪካ ዋጋው 30 በመቶና 20 ፍሬ በሚይዝ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ተጨማሪ 8 ብር ነው። ገንዘቡ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ገብቶ ከሌላው ገቢ ጋር ይቀላቀላል፤ ማጨስ ለማቆም ለሚረዱ አገልግሎቶች ተለይቶ የተሰጠ ድርሻ የለውም። አጫሹ በየፓኬቱ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ለማቆም ሲፈልግ ከከፈለው ውስጥ ወደ እሱ የሚመለስ ነገር ያለመኖሩ ሊታረም የሚገባው ነገር ነው።

ታክሱ ራሱ ሰዎች እንዲያቆሙ ያግዛል፤ ዋጋ ሲጨምር በተለይ ወጣቱና ድኻው ያጨሰው የነበረውን ይቀንሳል። ይሁንና በብር የተቆረጠ ታክስ በየጊዜው ካልታደሰ የኑሮ ውድነቱ ይበላዋል። ሌላም ችግር አለ፤ ጀብሎው ደረቱ ላይ ባንጠለጠላት ሣጥን ከማስቲካና ከሶፍት ጎን ሲጋራውን አንድ አንድ ፍሬ እየመዘዘ ሲሸጥ፣ ገዥው የጭማሪውን ክብደት በአንድ ጊዜ አያየውም። አንድ ፍሬ በ10 ብር ገዝቶ በቀን 10 ፍሬ የሚያጨስ ሰው በዓመት 36,500 ብር ያወጣል። ሒሳቡን በራስዎ ዋጋ ይሥሩትና ለመላው ቤተሰብዎ ከሚከፍሉት ዓመታዊ የመድን መዋጮ ጎን ያስቀምጡት።

ሌሎች አገሮች ገንዘቡን ከየት ያመጣሉ?

ከሚጠቀሱት መንገዶች ቀዳሚው ከትምባሆ ታክስ ላይ ድርሻ መለየት ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 የጤና ማበልጸጊያ ፈንድ አቋቁማ በትምባሆና በአልኮል ኤክሳይስ ታክስ ላይ 2 በመቶ ተጨማሪ ክፍያ በመጣል በቀጥታ ወደ ፈንዱ እንዲገባ አድርጋለች። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ የትምባሆ ቁጥጥር ፈንድ እንዲቋቋም ደንግጋለች። እንግሊዝ ከመደበኛ በጀት ትመድባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥቷ ማጨስ ለማቆም ለሚረዱ የአካባቢ አገልግሎቶች በዓመት ተጨማሪ 70 ሚሊዮን ፓውንድ ለአምስት ዓመት እንደሚሰጥ አስታውቋል።

የአሜሪካው ታሪክ ማስጠንቀቂያ ያዘለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ትልልቆቹ የትምባሆ ኩባንያዎች ለ46 ክፍለ ግዛቶች በ25 ዓመታት ውስጥ 206 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማሙ። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በስምምነቱ ስላልታሰረ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ለመከላከልና ለማቆሚያ ያዋሉት ከደረሳቸው ጥቂቱን ብቻ ሆነ። እኛም ዘንድ ፈንድ ይቋቋም ሲባል፣ ለምን እንደሚውል አብሮ በሕግ መጻፍ እንዳለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳና የእናቶች ሞት እያሉ ለአጫሽ በጀት ማውጣት ተገቢ ነው? የሚያጨሰውስ ጥቂት ሰው አይደለም?

ይህ ጥያቄ በክፋት የሚነሣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ሰው መታከሚያ ያጣበትን ጊዜ ያየ ሰው፣ እያንዳንዷ ብር የት እንደምትውል ቢጠይቅ እውነት አለው።

መልሱ ግን ራሱ ከጥያቄው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ናቸው፤ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ቁጥሩ ትንሽ በመሆኑ ሁሉንም ለመድረስ የሚያስፈልገው ገንዘብም ትንሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ግን ወጪው አብሮ ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ባደረገው ስሌት በአጭር ምክር፣ በነጻ የስልክ መስመርና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለሚሰጥ ድጋፍ በነፍስ ወከፍ በዓመት 1.68 ዶላር ቢመደብ፣ እስከ 2030 ድረስ በዓለም 152 ሚሊዮን ሰዎች ትምባሆን ሊተዉ ይችላሉ።

ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ማወዳደሩም ሁለቱን ያለ አግባብ መነጣጠል ነው። ማጨስ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝን አደጋ ከእጥፍ በላይ ያሳድጋል፤ ታክሞ የዳነውም እንዲያገረሽበት ያደርጋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ተቋም በነጻ ይሰጣል፤ ታካሚው መድኃኒቱን ለ6 ወር ያህል ሲወስድ ከባለሙያው ጋር ደጋግሞ ይገናኛል። በዚያ ጊዜ ሁሉ «ሲጋራውስ እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ተጨማሪ ሠራተኛም ተጨማሪ ክፍልም አይጠይቅም። ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትልም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ በጀት ይመደብ ከተባለ እኔ የማስቀድመው አዲስ ማዕከል መገንባትን ሳይሆን እነዚህን የክትትል ክፍሎች የሚሠሩ ነርሶችን ማሠልጠንን ነው።

የትምባሆ ኩባንያ ራሱ ወጪውን ልሸፍን ቢል መቀበል ይቻላል?

አይገባም። የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነቱ አንቀጽ 5.3 አገሮች የጤና ፖሊሲያቸውን ከትምባሆ ኢንዱስትሪው የንግድ ፍላጎት እንዲጠብቁ ያዝዛል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም የትምባሆ ስፖንሰርነትን ከልክሏል። የቀድሞው የመንግሥት ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 70.95 በመቶ ድርሻው የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ሆኗል፤ ይህ ኩባንያ ትርፍ የሚያገኘው ሰዎች ማጨሳቸውን ሲቀጥሉ ነው። ከኩባንያው በሕግ የሚወሰድ ታክስና በፈቃዱ የሚሰጠው ስጦታ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ ለታክሱ ማንም አያመሰግነውም፣ በስጦታው ግን ስሙን ያጥብበታል። የወጣት ማኅበራትና የእግር ኳስ ቡድኖች በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ከተማችን ለዚህ ሥራ በጀት እንድትመድብ ነዋሪው ምን ማድረግ ይችላል?

በየዓመቱ ግንቦት 23 የዓለም ትምባሆ የማይጨስበት ቀን ሲታሰብ ባነር ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል። የባነሩ ወጪ ሁለት ነርሶችን ለማሠልጠኛ ቢውል የበለጠ ይጠቅም ነበር የሚል አስተያየት አለኝ፤ ይህን ለማለትም ግንቦት ዘግይቷል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ዕቅዱ ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ይዘጋጃል፤ ጥያቄው ለከተማው ጤና መሥሪያ ቤትና ለምክር ቤት አባላት መቅረብ ያለበት በበጋው ነው።

ሁለተኛውና ቀረብ ያለው በር የጤና ጣቢያው የአስተዳደር ቦርድ ነው። የመንግሥት ጤና ተቋማት ከካርድ፣ ከመድኃኒትና ከመድን የሚያገኙትን የውስጥ ገቢ በቦርዳቸው ውሳኔ ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ በቦርዱም የኅብረተሰብ ተወካዮች ይቀመጣሉ። ተወካይዎ ማን እንደሆነ ይጠይቁና ያነጋግሩት። ጥያቄው የተቆረጠ ይሁን፦ የአንድ ነርስ ሥልጠና፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ የምክር ክፍል፣ ለቀጠሮ ማስታወሻ የሚሆን የስልክ ካርድ፣ እንዲሁም ነርሱ ለሚመጣው ታካሚ ሁሉ «ያጨሳሉ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን የሚጽፍበት በመዝገቡ ላይ የሚጨመር አንድ ዓምድ። ከአራቱ ምንም ገንዘብ የማይፈልገው የመጨረሻው ስለሆነ ከእሱ መጀመር ይቻላል፤ በሚቀጥለው ዓመት የበጀት ውይይት ላይ «ስንት ሰው ነው የሚፈልገው?» ተብሎ ሲጠየቅ ቁጥሩ የሚገኘው ከዚያ ዓምድ ነው።